የአሮጌዋ ዴልሂ ጭነት፦ ከቀዩ ምሽግ እስከ ቅመም ተራ

አሮጌዋን ዴልሂ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ይዞት የሚመለሰው ወሬ ተመሳሳይ ነው። ሕዝቡ አያልቅም። ክላክሱ ጆሮ ይበሳል። አየሩ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ወሬው ውሸት የለበትም። ግን እዚያው ላይ ይቆማል፤ ከተማዋ ለምን እንዲህ እንደሆነች አይነግርህም።

እዚህ የማቀርበው የአንድ መንገድ ጉዳይ ነው። መንገዱ ከቀዩ ምሽግ ፊት ለፊት ይነሳል። ቻንድኒ ቾክ የሚባለውን ዋናውን የገበያ ጎዳና ይዞ እስከ ፋቴፑሪ መስጊድ ይሄዳል። ከመስጊዱ አለፍ ሲሉ ካሪ ባኦሊ የሚባለው የቅመም ገበያ ይጀምራል። ከእስያ ትልቁ የቅመም ጅምላ ገበያ እየተባለ የሚጠራው እሱ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግር ይኬዳል። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ይህ መንገድ ለምን እንዲህ ይጮኻል ለሚለው የደረስኩበት መልስ አንድ ነው፦ ጭነት። ሰሜን ህንድን የሚያዳርስ የጅምላ ንግድ፣ ለእግረኛና ለፈረስ በተሠራ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ከተማ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። መኪና መግባት ከማይችልበት ጀምሮ ጭነቱን የሚያደርሰው የሰው ጀርባ ነው። እንግዳው የሚሰማው ጩኸት፣ የሚያጋጥመው ግፊያና የሚያስለው አቧራ አብዛኛው ከዚያ ይመጣል።

ከሆስፒታል ወደ ገበያ

ከአዲስ አበባ ወደ ዴልሂ የሚበረው ሰው ብዙው ወይ ነጋዴ ነው ወይ ታማሚ። የህንድ መንግሥት ለታማሚው የሕክምና ቪዛ ይሰጣል፤ አብረውት ለሚሄዱ እስከ ሁለት የቅርብ ዘመዶች ደግሞ የአስታማሚ ቪዛ። እኔ የገባሁት በአስታማሚ ቪዛ ነው፣ አጎቴን ይዤ። ያረፍነው ደቡብ ዴልሂ፣ ሆስፒታሉ አጠገብ ካለ የእንግዳ ማረፊያ ነበር። ሰፈሩ ሰፋፊ መንገድና ብዙ ዛፍ አለው። በሆስፒታሉ ኮሪደር ሲያልፉ አማርኛ መስማት ብርቅ አይደለም። ወጥ የሚሠራበት ቤት የት እንዳለ፣ ዶላር የት እንደሚመነዘር የሚነግርህ የአገር ሰው አታጣም።

ጊዜው ኅዳር ነው። ዲዋሊ ከሚባለው የሂንዱዎች የብርሃን በዓል በኋላ ያለው ወቅት የዴልሂ አየር እጅግ የሚከፋበት ነው። በጎረቤት በፑንጃብና በሃርያና ገበሬው የሩዝ ገለባውን ያቃጥላል። የመኪናውና የፋብሪካው ጭስ ይጨመርበታል። አየሩ ስለሚቀዘቅዝና ነፋስ ስለማይኖር ጭሱ ከከተማው ላይ አይነሳም። ጠዋት ስትነሳ ጉሮሮህ ይከረክራል።

የምርመራ ውጤት የምንጠብቅበት ቀን ነበር። አጎቴ «አንተ ልጅ፣ እኔን ስታይ ልትውል ነው እንዴ? ወጣ በልና ከተማውን እይ» አለኝ። «ደግሞ ህንድ አገር ደርሰን እርድና ቁንዶ በርበሬ ሳንይዝ ብንመለስ አክስትህ ምን ትለናለች?»

«እሺ ጋሼ» ብዬ ወጣሁ።

ሃውዝ ካስ ከሚባለው ጣቢያ ሜትሮ ያዝኩ። የዴልሂ ሜትሮ ሥራ የጀመረው በ2002 መጨረሻ ነው። ስትገባ ቦርሳህ በማሽን ያልፋል፤ ወንዱም ሴቱም በየሰልፉ ይፈተሻል። የመጀመሪያው ፉርጎ ለሴቶች ብቻ የተተወ ነው። ዴልሂ በ2011 ቆጠራ ወደ 16.8 ሚሊዮን ሕዝብ ነበራት፤ ራጂቭ ቾክ ጣቢያ ላይ መስመር ሲቀየር ግማሹ እዚያ የተገናኘ ነው የሚመስለው። ቢሆንም ባቡሩ ይመጣል፣ ሰው ይወርዳል፣ ሰው ይገባል፣ በሩ ይዘጋል። ህንድ ሥርዓት የለም የሚል ሰው መጀመሪያ ይህንን ይይ። ከዚያ ኒው ዴልሂ፣ ቻውሪ ባዛር፣ ቀጥሎ ቻንድኒ ቾክ።

ከጣቢያው ሲወጡ ያለው መተላለፊያ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በደንብ አያሳልፍም። ጣፋጭ የሚጠብስ አለ፣ ቻርጀር የሚሸጥ አለ፣ ሻይ የሚያፈላ አለ። ሻይ ሻጩ ጋሪ ላይ እንኳ በስልክ የሚከፈልበት የኮድ ወረቀት ተለጥፏል። ይህ የክፍያ ዘዴ የመጣው በ2016 ነው፤ አሁን በየጋሪው ገብቷል። የህንድ ባንክ ሂሳብ የሌለው እንግዳ ግን ዝርዝር ሩፒ ኪሱ ውስጥ ቢይዝ ይሻለዋል።

ጭነቱ እንዴት እዚህ መጣ

ያኔ ሰሜን ህንድን ይገዛ የነበረው የሙጋል ሥርወ መንግሥት ንጉሥ ሻህ ጃሃን ዋና ከተማውን ከአግራ ወደ ዴልሂ ለማዛወር ቀዩን ምሽግ ማሠራት የጀመረው በ1639 ነው። በ1648 ገባበት። ከምሽጉ ፊት ለፊት የተዘረጋውን ቻንድኒ ቾክን ያቀደችው ልጁ ጃሃናራ ናት፤ ጊዜው 1650 ነበር። በመንገዱ መሐል ቦይ ይፈስ ነበር፣ ዳርና ዳሩ ሱቅ። በ1656 ጃማ መስጊድ ተጠናቀቀ። ያኔ በዚህ መንገድ የሚያልፈው የቤተ መንግሥት ሰልፍ፣ ፈረስና ዝሆን ነበር። ከዋናው መንገድ ግራና ቀኝ የሚገቡት የውስጥ መንገዶች ግን ከጥንትም ጠባብ ናቸው። ከፀሐይ ለመጠለልና ለሰፈሩ ደኅንነት ሲባል እንዲያ ይመቻቸው ነበር።

ነገሩን የቀየረው ባቡር ነው። ህንዳውያን በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ ካነሱት የ1857ቱ ዓመፅ በኋላ እንግሊዞች የመጨረሻውን የሙጋል ንጉሥ ባሃዱር ሻህ ዛፋርን ወደ ራንጉን አጋዙት። ከዚያ በአጥር በተከበበችው ከተማ መሐል የባቡር ሐዲድ አሳለፉ። ባቡሩ ዴልሂ የገባው በ1860ዎቹ ነው፤ አሁን የሚታየው ጣቢያ የተከፈተው በ1903። ጣቢያው ከቻንድኒ ቾክ ጀርባ፣ በጣም ቅርብ ነው ያለው። ነጋዴ ደግሞ ጭነቱ በሚወርድበት አጠገብ ነው መጋዘን የሚፈልገው። ጅምላው እዚያ ሥር ሰደደ።

ሁለተኛው ምክንያት 1947 ነው። ህንድና ፓኪስታን ሲከፈሉ ከአሮጌዋ ዴልሂ ብዙ ሙስሊም ቤተሰቦች ወጡ። ከፑንጃብ የተፈናቀሉ ሂንዱዎችና ሲኮች ገቡ፤ ብዙዎቹ እጃቸው ላይ የቀራቸው የንግድ ሙያቸው ብቻ ነበር። ግቢ ያላቸው ትልልቅ የመኳንንት ቤቶች ተከፋፍለው ሱቅና መጋዘን ሆኑ። ዛሬ የተቀረጸ የድንጋይ በር ታያለህ፣ በውስጡ ግን ጆንያ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል።

እዚህ ላይ የእኛን ሰው የሚመለከት አንድ ነገር ላንሳ። ሻህ ጃሃን ከመምጣቱ ከአራት መቶ ዓመት በፊት፣ ከ1236 እስከ 1240፣ ዴልሂን የገዛችው ሱልጣን ራዚያ ነበረች። ጀማል አድዲን ያቁት የሚባል ሐበሻ የፈረሶቿ ጋጣ አለቃ አድርጋ ሾመች። የቱርክ መኳንንት ይህንን መታገሥ አልቻሉም። በ1240 ሲያምፁ ያቁትን ገደሉት፤ እሷም ዙፋኗን አጣች። የራዚያ ነው የሚባለው መቃብር ከቻንድኒ ቾክ ሩቅ አይደለም፤ ቱርክማን በር አካባቢ፣ ቤቶች በከበቡት ትንሽ ግቢ ውስጥ ነው። ለሕክምና ዴልሂ የሚሄድ ሐበሻ በየዓመቱ ብዙ ነው። ይህንን ታሪክ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነውና ቢታወቅ ደስ ይለኛል።

መንገዱ ሲታደስ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ቻንድኒ ቾክ በመኪና፣ በባጃጅና በጋሪ የተዘጋ መንገድ ነበር። ከላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ተጠላልፎ ሰማይ ይሸፍን ነበር። የዴልሂ መንግሥት ከቀዩ ምሽግ እስከ ፋቴፑሪ መስጊድ ያለውን 1.3 ኪሎ ሜትር አድሶ በመስከረም 2021 አስመረቀ። ሽቦው ከመሬት በታች ገባ። መንገዱ በቀይ ድንጋይ ተነጠፈ፣ መቀመጫ ተሠራለት። በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 3 እስከ ምሽቱ 3 ሞተር ያለው ተሽከርካሪ እንዳይገባ ተከለከለ። ሰው የሚጭነው ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ግን ይገባል።

ውጤቱ ይታያል። ሽማግሌዎች ቁጭ ብለው ያወራሉ። የሙሽራ ልብስ ሊገዙ የመጡ ቤተሰቦች ዕቃ ይዘው ይዝናናሉ፤ ኅዳር የሠርግ ወቅት ነው። በዚህ አጭር መንገድ ላይ ሕይወት ያለውን ሁሉ መጉዳት የሚከለክለው የጃይን ሃይማኖት ቤተ መቅደስ አለ፣ በግቢው ውስጥ የታመመ ወፍ የሚታከምበት ሆስፒታል አለው። የሂንዱ ቤተ መቅደስ አለ፣ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን አለ። የሲኮች የሃይማኖት መሪ ጉሩ ተግ ባሃዱር በ1675 በሙጋሉ ንጉሥ በአውራንግዜብ ትእዛዝ በተገደሉበት ቦታ ላይ ሲስ ጋንጅ የሚባለው የሲኮች ቤተ መቅደስ ቆሟል። እዚያ ማንም ጫማውን አውልቆ፣ ራሱን ሸፍኖ ይገባል፤ ምግብ በነፃ ይበላል፤ ሃይማኖቱን የሚጠይቀው የለም። ገባሁ። መሬት ላይ በረድፍ ከተቀመጡት ውስጥ ትከሻቸው ላይ የጆንያ ክር የተጣበቀባቸው ሰዎች ነበሩ። ምስር፣ ቂጣና ሩዝ በላን። ሳህኑን ተቀብለው የሚያጥቡት በፈቃደኝነት የመጡ ሰዎች ናቸው።

ሞተር ሳይክል አሁንም አልፎ አልፎ በጎን ሾልኮ ይገባል። ይህ ትንሹ ችግር ነው። ዋናው ችግር እድሳቱ ፋቴፑሪ መስጊድ ላይ ማለቁ ነው።

ከመስጊዱ ወዲያ

ከመስጊዱ ጥግ እንደታጠፍክ ድንጋዩ ይቀራል። ሚኒ ቫን፣ የባትሪ ባጃጅ፣ ብስክሌት፣ ሰውና ጋሪ በአንድ መንገድ ላይ ይጋፋሉ። መኪና የሚሄደው በግራ በኩል ስለሆነ ለመሻገር መጀመሪያ ወደ ቀኝ ማየት አለብህ። ክላክሱን ስድብ አድርገህ አትውሰደው። እዚያ አገር የጭነት መኪኖች ጀርባ ላይ ክላክስ እንድታሰማ የሚጠይቅ ጽሑፍ በትልቁ ይጻፋል። ሹፌሩ «እዚህ ነኝ» ማለቱ ነው። ይህ ከገባህ በኋላ ድምፁ ያው ቢሆንም አያናድድህም።

ከባድ መኪና በቀን ወደ ከተማ እንዳይገባ ስለሚከለከል ጭነቱ በአብዛኛው የሚደርሰው ሌሊት ነው። ቀን ላይ ከመጋዘን ወደ ሱቅ፣ ከሱቅ ወደ ገዢው መኪና ይዘዋወራል። እርዱ ከታሚል ናዱና ከቴላንጋና ይመጣል። ቁንዶ በርበሬውና ሄሉ ከኬራላ፣ ድንብላሉ ከራጃስታን፣ ከሙኑ ከጉጃራት፣ ደረቅ በርበሬው አንድራ ፕራዴሽ ካለው ጉንቱር። አንድ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ላይ የህንድ ካርታ በጆንያ ተዘርግቶ ታየዋለህ።

ተሸካሚዎቹ ፓሌዳር ይባላሉ። ብዙዎቹ ከቢሃርና ከኡታር ፕራዴሽ ገጠር የመጡ ናቸው። አንዱን ከጋሪው ጀምሬ ተከተልኩት። ዕድሜው ከአርባ በላይ ይመስለኛል። ራሱ ላይ ጨርቅ ጠቅልሎ አስቀምጧል። ሁለት ሰዎች ጆንያውን በመንጠቆ ይዘው አነሱና ጀርባው ላይ አሳረፉለት። ጎንበስ ብሎ አንዴ ትከሻውን አመቻቸ፤ ከዚያ መራመድ ጀመረ። ርምጃው አጭርና ፈጣን ነው። ዓይኑ መሬት ላይ ነው፣ ፊት ለፊቱ ያለውን ሰው አያይም። ስለዚህ ይጮኻል፦ «ሳይድ! ሳይድ!» መርካቶ ውስጥ ተሸካሚ «ዞር በል!» ሲል ሰው ግድግዳ እንደሚጠጋው፣ እዚህም ሕዝቡ ለሁለት ይከፈላል። ማንም አልተቆጣም። ሰውየው ካለፈ በኋላ ክፍተቱ ወዲያው ተዘጋ።

ጋዶዲያ ማርኬት ወደሚባለው ሕንፃ ገባ። በ1920ዎቹ እንደተሠራ የሚነገርለት ግቢ ያለው ሕንፃ ነው። መሐሉ ክፍት፣ ዙሪያው መጋዘን። ደረጃው ጠባብና ጨለማ ነው። እዚያ ስትደርስ አየሩ ይለወጣል። ደረቅ በርበሬ በጆንያ በተነሳና በወረደ ቁጥር ዱቄቱ ይቦናል። እኔ አነጠስኩ፣ ቀጥሎ ሳል ያዘኝ፣ ዓይኔ አለቀሰ። ከኋላዬ ያሉት ጎብኚዎችም እንዲሁ። ደረጃው ላይ የሚወጡትም የሚወርዱትም ይስላሉ። ተሸካሚው ደግሞ ያንን አየር የሚስበው ጭነት ይዞ ደረጃ እየወጣ፣ በረጅሙ እየተነፈሰ ነው። ጥቂቶቹ አፋቸውን በፎጣ አስረዋል። ሌላ መከላከያ አላየሁባቸውም።

ጣሪያው ላይ ብዙ እንግዳ ይወጣል። ፎቶ ለማንሳት የታወቀ ቦታ ነው፤ ከላይ የፋቴፑሪ መስጊድ ግቢና የገበያው መንገድ አንድ ላይ ይታያሉ። ጦጣዎች ከጣሪያ ጣሪያ ይዘላሉ። እኔን የያዘኝ ግን ታች ያለው እንቅስቃሴ ነው። ከላይ ስታየው ግርግር የሚመስለው ነገር መሥመር አለው። ጋሪው በመሐል ይሄዳል፣ ተሸካሚው በጥግ በጥግ። ገዢው ሱቅ በር ላይ ቆሞ ይደራደራል። አንድ ጋሪ ሲቆም ከኋላው ያለው ሁሉ ይቆማል፣ ክላክስ ይነፋል፣ የቆመው ሲገፋ ሁሉም ይቀጥላል። መንገዱ የሚዘጋው የሚራገፍበት ቦታ ስለሌለ ነው። ጋሪው የሚራገፈው መንገዱ ላይ ነው፤ ሌላ የት ይራገፋል?

የአክስቴን እርድ የገዛሁት ከታች ካለ ሱቅ ነው። ሻጩ ያልተፈጨ እርድ ሰብሮ ውስጡን አሳየኝ። ደማቅ ብርቱካንማ ነው፤ ጣቱ ላይ ቀለሙ ቀረ። ከኢትዮጵያ እንደመጣሁ ስነግረው በርበሬ እንዴት እንደምንበላ ጠየቀኝ። ነገርኩት። እጁን ወደ ጆንያዎቹ ዘርግቶ ሳቀ። በርበሬ ለህንድም ለእኛም መጤ ነው፤ መገኛው አሜሪካ ሲሆን ወደ ህንድ ያመጡት በ16ኛው ክፍለ ዘመን ፖርቱጋሎች ናቸው። ዛሬ ግን ሁለታችንም ያለ እሱ መብላት አንችልም።

ማታ ሱቆቹ ሲዘጉ ብዙ ተሸካሚዎች የሚተኙት ጋሪያቸው ላይ ወይም ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። ክፍያቸው በተሸከሙት ልክ ስለሆነ የታመመ ሰው የዕለቱን አያገኝም። ቤት ተከራይቶ ለቤተሰብ ገንዘብ መላክ ደግሞ ከባድ ነው።

ጉዳዩን ስመዝነው

የ2021ዱ እድሳት ጥሩ ሥራ ነው። ሽማግሌ መቀመጫ አግኝቷል፣ ልጅ የያዘች እናት ያለ ሥጋት ትሄዳለች። ነገር ግን እድሳቱ የነካው ሰው የሚዝናናበትን ክፍል ነው። ጭነቱ አልቀነሰም። በቻንድኒ ቾክ ቀን ላይ መኪና ሲከለከል፣ ዕቃው ያው መድረስ ስላለበት የሰው ጀርባና የእጅ ጋሪ የበለጠ ይፈለጋሉ። ካሪ ባኦሊ ላይ ደግሞ ከነጭራሹ ምንም አልተቀየረም።

ጅምላውን ከአሮጌዋ ከተማ ማውጣት የሚል ሐሳብ በዴልሂ ለብዙ ዓመታት ሲነገር ኖሯል። ፍራፍሬና አትክልት ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሰሜን ወዳለው አዛድፑር ሄዷል። ቅመሙም ይሂድ የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ገበያው የሚሠራው ሁሉም አንድ ላይ ስላለ ነው። ገዢው በአንድ ቀን ዋጋ ያወዳድራል፣ ይገዛል፣ ያስጭናል። ተሸካሚው አገሩ የማያስገኝለትን ሥራ እዚህ ያገኛል። ገበያው ቢነሳ መጀመሪያ ባዶ እጁን የሚቀረው እሱ ነው፤ መንገዱ ጸጥ ቢልለት ምን ያደርግለታል?

የሚያስፈልገው ከመስጊዱ ወዲያ ያለውን መንገድ ለጭነት ብሎ ማደስ ነው። ጋሪ የሚራገፍበት ቦታ በየመካከሉ ይከለል። ለጠባብ መንገድ የሚሆን ትንሽ የባትሪ ጋሪ ለተሸካሚዎቹ በብድር ይሰጥ። በርበሬ ለሚሸከም ሰው የአቧራ ማስክ ከክፍያው ሳይቆረጥ ይታደል። መታጠቢያና መኝታ በገበያው አጠገብ ይሠራ። እንደ ጋዶዲያ ባሉ ሕንፃዎች ላይ፣ መሐላቸው ክፍት ስለሆነ፣ ጆንያ በሞተር ወደ ላይ መሳብ ይቻላል። ወጪው የመጋዘኖቹ ባለቤቶች ተጋርተው የማይችሉት አይደለም። ብቻ ሲተከል ሞተሩን የሚያንቀሳቅሱት እነዚያው ተሸካሚዎች ይሁኑ፤ ክፍያውም እንደ ድሮው በጆንያ ይታሰብላቸው።